ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

የኮምፒውተሩ ቀስት ብቻዋን ስትሄድ አየኋት።

ሻይ ይዤ መግባቴ ነበር። የፈረቃው ኃላፊ ይበልጣል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሁለት እጆቹን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ማውሷ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች፤ ማንም አልነካትም። ቀስቷ ግን ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች። አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ የምታስብ ትመስላለች። ከዚያ ጠቅ አደረገች። ወዲያው ከግቢው «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣና የክፍሉ መብራት ጠፋ። በባትሪ የሚሠሩት ስክሪኑና አንዲት ትንሽ አምፖል ብቻ ቀሩ።

«ማነው የሚነካው?» አልሁ።

«እትዬ ዝናሽ፣ አሁን አይደለም።»

«አይ፣ ማነው? እጁ የታል?»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አለ።

መብራት ጠፋ ብዬ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ በእኛ አገር መብራት ሲጠፋ ማን ይደነግጣል? ዓይኔ ግን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው ቀይ ቆርቆሮ ሄደ። «ሰው እየሠራ ነው፣ አትንኩ» ትላለች። ጠዋት ይበልጣል ራሱ ነው የሰቀላት። ሰው የተባለው የእኔ ልጅ ነው። ሙሉቀን ከአምበር ከተማ ወዲያ ባለው ሸንተረር ላይ፣ ኃይሉ ተቋርጧል በተባለ መስመር፣ የብረት ምሰሶ ላይ ወጥቷል። ቀስቷ አሁን መብራት አጠፋች። ማጥፋት የምትችል ደግሞ ማብራት ትችላለች። ያን ሳስብ ነው ሻዩ ከእጄ የወደቀው።

ያኔ ምን ዓይነት ሴት እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ክፍሎቹን አጸዳለሁ፣ ለሠራተኞቹ ሻይና ምሳ እሠራለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባሌ ሙሉቀን ጥርስ ሳያወጣ ነው ያረፈው፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ሙሉቀን አድጎ የመስመር ሠራተኛ ሲሆን ደስም አለኝ፣ እንቅልፍም አጣሁ። ለዚህ ይሆናል ጥያቄ ማብዛት የለመድሁት። ይሄ ሽቦ ምንድን ነው? ያ የሚጮኸውስ? ለምን አረንጓዴ ሆነ? ሠራተኞቹ «ጋዜጠኛዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም እስቃለሁ፤ መጠየቄን ግን አልተውም።

ያን ዕለት ነሐሴ ነበር። ማታውን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ፣ ሽቦውን ከምሰሶው የሚያንጠለጥለውን፣ እነሱ ሲኒ የሚሉትን፣ ሰብሮት አድሯል። እነ ሙሉቀን እሱን ሊቀይሩ በጠዋት ወጡ።

ይበልጣል ከድንጋጤው እንደ ነቃ ሰው ብድግ አለና «ስልክዎን ያብሩልኝ!» ብሎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባ። አበራሁለት። ሰማያዊ ገመዶችን እየፈለገ ይነቅላል።

«የምትነቅለው የመብራቱን ነው?»

«አይደለም። ከውጭ የሚመጣውን ነው። የገባብን በዚህ ነው።»

«ሰውዬው ሽቦ ውስጥ ነው ያለው?»

«ሰውዬው የት አገር እንዳለ እግዜር ይወቅ። በሽቦ የሚመጣው ትእዛዙ ነው።»

የመጨረሻውን ሲነቅል ቀስቷ ባለችበት ደረቀች። እንደ ሞተች ዝንብ አየኋት።

«አለቀ?» አልሁት።

«ከቤታችን ወጣ እንጂ አላለቀም።» ወደ ግቢው ሮጠ፤ እኔም ተከተልሁት። ብሬከር የሚሏቸው ትልልቆቹ ማብሪያ ማጥፊያዎች እያንዳንዳቸው ሳጥን አላቸው። ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን እጀታ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ወገን ያዞርና ሳጥኑን ይቆልፋል። ዝናቡ እያካፋ ነው፤ አንዱን ዘግቶ ወደ ሌላው ይሮጣል።

«እጀታዋ ምን ታደርጋለች?»

«ከሩቅ መታዘዝን ትከለክላለች። አሁን ይህን ሊያበራ የሚፈልግ እዚህ ድረስ መጥቶ በእጁ መንካት አለበት።»

«እሰይ! እንግዲያ ልጄ ተረፈ።»

ይበልጣል ወደ ሸንተረሩ አቅጣጫ ዞረ። 

«ይበልጣል፣ ልጄ ተረፈ ወይ?»

«እትዬ፣ መስመሩ ሁለት ራስ አለው። አንዱ እኛ ጋ ነው። አንዱ ከወዲያ ያለው ጣቢያ ነው፤ ከዚያም ኃይል ሊለቀቅበት ይችላል።»

ወደ ክፍሉ ተመለስን። ስክሪኑ ላይ የወዲያኛው ራስ ምልክት አረንጓዴ ነው። ከጥያቄዎቼ አንዱን አስታወስሁ፤ አረንጓዴ ማለት የተቋረጠ፣ ሰላም ማለት ነው ብሎኝ ነበር።

«አረንጓዴ ነው እኮ!»

«ገመዱን ከመንቀሌ በፊት የነበረውን ነው የሚያሳየው። ያኔም ቢሆን የገባብን ሰው እንዲያሳይ የፈለገውን ይሆናል። ከአሁን ወዲያ ስክሪኑን አላምንም፤ የማምነው የሰው ድምፅ ነው።» ስልኩን አንስቶ ይደውላል። የወዲያኛው ጣቢያ አያነሳም። የሙሉቀን ስልክ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው። የሥራ መኪናው ራዲዮ ይንጫጫል እንጂ የሚመልስ የለም፤ ሰዎቹ መኪናውን መንገድ ዳር ትተው በእግር ነው የወጡት።

«ሽቦው ላይ የሚያስሩት የመሬት ገመድ አለ» አለኝ፤ እኔን ያጽናና መስሎት። «እሱ እስካለ ድረስ ኃይል ቢለቀቅ እንኳ ወደ መሬት ይወስደዋል።»

«መቼ ይፈቱታል?»

«ሥራው ሲያልቅ።»

«መቼ ያልቃል?»

«ከምሳ በፊት ብለው ነበር።»

እኔ ምሳውን ጥጄ ነው የመጣሁት። «እኔ እሄዳለሁ» ብዬ ሽርጤን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ ጣልሁት። ይበልጣል ጣቢያውን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ አገሩን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ምሰሶው የቆመው የተወለድሁበት መንደር ፊት ለፊት ነው። ምንም አልተከራከረኝም። «ጀማል ያድርስዎ። ለቡድኑ አለቃ፣ ለፎርማኑ፣ ይህን ብቻ ይንገሩት፤ ይውረዱ፣ ይራቁ፣ እኔ በድምፄ ሳልነግራቸው ማንም ብረት እንዳይነካ።»

ጀማል የጣቢያው ሾፌር ነው፤ አባቱ ጉንደ ወይን ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሲነዳ ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ነበር።

«ጀማል፣ ሌባ ሲገባ የሚወስደው ነገር አለ። ይሄኛው ምን ሊወስድ ነው?»

«እትዬ፣ መብራቱን በከረጢት አይወስደው መቼም።»

«ታዲያ?»

«አንዳንዱ የሚገባው መግባት እንደሚችል ለማየት ነው። ልጅ ሆነን የሰው አጥር እንዘል አልነበር?»

«የሰው አጥር ስትዘል ሰው ገድለህ ታውቃለህ?»

«ውሻ አሳዶኝ ያውቃል» አለ። ሳቄ መጣና በዚያው ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

ከአስፋልቱ ወርደን ጥርጊያው መንገድ ስንገባ እሱ ቢስሚላህ አለ፣ እኔ በስመ አብ አልሁ፤ መኪናዋ ግን የሁለታችንንም አልሰማችም፤ ጭቃው ላይ ሄዳ ተሰነቀረች። ጀማል ጎማው ሥር ድንጋይ ሊያደርግ ቀረ፤ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ዳገቱን ያዝሁት።

ከመንደሩ አፋፍ ስደርስ ያየሁት ጉም ብቻ ነው። ከሥሬ ጅረቱ ሞልቶ ያጓራል። ምሰሶው ከጅረቱ ማዶ ነው። ሽቦዎቹ ከጉሙ ወጥተው በራሴ ላይ ያልፉና ተመልሰው ጉም ውስጥ ይገባሉ። «ሙሉቀን!» ብዬ ጮህሁ። ውኃው ድምፄን ከአፌ ነጠቀኝ። ወደ መሻገሪያው ግንድ ለመድረስ በላይ በኩል ብዙ መዞር አለ። እኔ ዞሬ እስክደርስ የመሬቱን ገመድ ሊፈቱት ይችላሉ።

ጉምም ውኃም የማይዘው ድምፅ ምንድን ነው? ይህን ስጠይቅ ነው አያ ላቀው ትዝ ያሉኝ።

አያ ላቀው የመንደሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት አፋፉ ላይ ወጥተው ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ፤ የሰማ ሁሉ በእጁ ያለውን ሥራ ጥሎ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ጥሩምባ ሰምቶ ሥራ የሚቀጥል የለም። ደጃቸው ላይ ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው።

«ዝናሽ! ምን እግር ጣለሽ?»

«አያ ላቀው፣ ጥሩምባውን ይንፉልኝ።»

ገመዱን ጣሉት። «ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይሞት?»

ነገርኳቸው። ሩቅ አገር ያለ ሰው በኮምፒውተር ገብቶ ማብሪያውን እንደነካ፣ ልጄ ምሰሶ ላይ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ጠንቋይ ነው?»

«አይደለም፣ በሽቦ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ሽቦውን አይቆርጡትም?»

«ቆረጡት። ሌላኛው ራስ ቀረ።»

«ስንት ራስ አለው ይሄ ነገር?» ብለው አማተቡ። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ከነፋሁ ስም እጠራለሁ። ስም የሌለው ጥሩምባ ነፍቼ አላውቅም። ሕያው ሰው ላይ መንፋት ሟርት ነው፤ እድሩም ጥሩምባውን ይነጥቀኛል።»

«የእኔን ስም ይጥሩ።»

«ምን አልሽ?»

«ዝናሽ ሞተች ይበሉ። አገሬው ይምጣና ያልቅስልኝ። ሟርቱ ለእኔ ይሁን።»

እግሬ በጭቃ ተለውሷል፣ ነጠላዬ የለም፣ ጫማዬ በእጄ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ጥሩምባውን ይዘው ወጡ። «ቆመሽ እያየሁሽስ አልጠራሽም» አሉና ወደ አፋፉ ሄዱ። ነፉ። ያን ድምፅ በሕይወቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለሕያው ሰው ሲነፋ ግን ሰምቼ አላውቅም። ደጋግመው ነፉ። ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እንደገና ነፉ።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር መጣ። አገሬው ከየቤቱ ወጣ። ስም አልተጠራም፤ ጥሩምባው አጠገብ ግን እኔ ጫማዬን ይዤ እያለቀስሁ ቆሜያለሁ። ልጄ የመብራት ሠራተኛ እንደሆነ፣ ከማዶው ምሰሶ ላይ እንደወጣ የማያውቅ የለም። ለመጠየቅ ማን ጊዜ አለው? አንዷ «ወይኔ ሙሉቀን!» ብላ ደረቷን መታች፤ ሁሉም ተከተላት።

«አልሞተም!» አልሁ።

«አዎ እናቴ፣ አልሞተም» አሉኝ፤ እያለቀሱ እጄን ያዙኝ። ለደነገጠ ሰው እንዲያ ነው የሚባለው።

«እውነቴን ነው፣ አልሞተም! ጥሩምባውን ያስነፋሁት እንዳይሞት ነው!»

ይህን ሲሰሙ ደግሞ ባሰ። «አእምሮዋን ሳተች» አሉና ገደል እንዳልገባ ወገቤን ያዙኝ። አልሞተም ባልሁ ቁጥር ለቅሶው ይጨምራል። አያ ላቀው «ኧረ ስሙ!» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ ተጠራጠርሁ፤ እነዚህ ሰዎች ሰምተው የመጡት ነገር ይኖር ይሆን? ከእኔ የደበቁኝ?

ያኔ ነው ከራሳችን በላይ ድምፅ የጀመረው። «ዝዝዝ» የሚል፣ ንብ ቀፎ ውስጥ እንዳለች። ሽቦዎቹ በእርጥቡ ጉም ውስጥ መዘመር ጀመሩ። ጣቢያው ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ ተነግሮኛል። ኃይል አለ ማለት ነው። ከወዲያኛው ራስ ተለቅቋል።

ሰዎቹ አላወቁትም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አለመጠየቄ፣ አለማወቄ በተሻለኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።  «አልሞተም» ማለቴን ተውሁ። እኔ ዝም ስል እነሱም «አሁን ገባት» ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከላይ በኩል፣ ከግንዱ መሻገሪያ፣ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ፊተኛው የራስ ቁሩን በእጁ ይዟል፤ የዝናብ ልብሱን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጣፍቶታል። ሕዝቡን ሰንጥቆ አጠገቤ መጣና ዝቅ ብሎ፣ በቀስታ ጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ማን ሞተብን?»

አንገቱን ያዝሁት። ፊቱን ዳበስሁ፣ ጆሮውን፣ ጣቶቹን።  ከዚያ አንዲት አሮጊት «እንባዬን መልስልኝ አንተ!» ብለው በዘንጋቸው ቂጡን መቱት። ሳቁ ከለቅሶው ይበልጥ ጮኸ።

ለካ የመሬቱን ገመድ ፈትተው አውርደዋል። ሌሎቹ ወርደው፣ እሱ መሣሪያ ሊሰበስብ ምሰሶው ላይ ቀርቶ ነበር። ጥሩምባው ሲሰማ ቦርሳውን እዚያው አንጠልጥሎ ትቶት ወረደ። «የእማዬ አገር ነው፤ ከነፉ ዘመድ ነው» አለው ፎርማኑን። ፎርማኑም «ለቅሶ ላይማ መድረስ ነው፤ ቦርሳው የትም አይሄድም» አለ። ጅረቱን ዞረው ሲመጡ ሽቦው መዝፈን ጀመረ። ሙሉቀን ይህን ሲነግረኝ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ።

ጀማል መኪናዋን በሰው ትከሻ አስወጥቶ እስኪመጣ ለቀስተኛው አልተበተነም። ለለቅሶው የተጣደ ንፍሮ ነበርና ደረሰ። ሙሉቀን የራሱን ንፍሮ ጠግቦ በላ።

ይህን ለምታነቡ፣ በኋላ የሰማሁትንም ልንገራችሁ። የወዲያኛውም ጣቢያ እንደኛው ገብቶበት ነበር፤ እዚያ ያሉትም ስክሪናቸው አረንጓዴ ነው እያለ መስመሩ እንደተለቀቀ አላወቁም። ይበልጣል ስልኩ ሲገናኝለት ገመዳቸውን አስነቀላቸው፣ እጀታቸውን አስዞራቸው፤ ከዚያ ሁሉም በየሳጥኑ እየዞሩ፣ በድምፅ እየተነጋገሩ መብራቱን በእጅ መለሱት። በየት እንደገባ ስጠይቀው ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው እንዲጠግኑ የተተወ መግቢያ እንደነበረ፣ የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ ሲመጣ የነበረው እንደሆነ ነገረኝ።

«ቁልፉን ሳትቀይሩ ቤት ተከራያችሁ በለኛ!» አልሁት።

«እትዬ፣ እንዲህ አድርገው ለአለቆቼ ቢነግሩልኝ» አለና ሳቀ። አሁን ሰው ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሁለቱም ራስ እጀታዋ ትዞራለች፤ የመሬት ገመድም የሰው ድምፅ ሳይሰማ አይፈታም። መንደሩም ለአደጋ ብቻ የሚነፋ አጭር ጥሪ አበጀ። አያ ላቀው አሁንም ሲያዩኝ «ዛሬስ የማንን ስም አመጣሽ?» ይሉኛል።

እኔ ግን ከሁሉ የማስበው ያን ሰው ነው። እጁን አላየሁትም። ያን ሰዓት ምን ያደርግ ነበር? ሻይ ይጠጣ ይሆን? እናት አለችው? ቀይዋን ቆርቆሮ አላያትም፤ ሙሉቀን የሚባል ልጅ በዓለም ላይ እንዳለ አያውቅም። ቢጠላን ኖሮ በገባኝ። እሱ ግን አያውቀንም፤ የሚያስፈራኝም፣ እንዳስብ የሚያደርገኝም ይኸው ነው። እናንተም ቤታችሁ አንድ ነገር ስትነኩ ወዲያኛው ራሱ የት እንደሆነ ጠይቁ። ይሳቁባችሁ። ሽቦው ሲዘፍን ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያማል፤ ቢሆንም ዛሬም እጠይቃለሁ።

ያን ዕለት ጀማል በጊዜ ከደጃችን አደረሰን። መብራት ገና አልመጣም ነበር። ሙሉቀን ቀድሞኝ ገባ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፣ መደቡ ላይ ተጋድሞ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሲተነፍስ አዳመጥሁ። በሩን ዘጋሁት። ሁለታችንም ቤታችን ገብተናል፤ ሁለታችንም ደኅና ነን።